ለደብረ ሲናው ወዳጄ፦ ስለ ብስክሌትህ ድምፅ

ደብረ ብርሃን

ለውድ ወዳጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? እኛ ከብርዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጻጻፍን ረጅም ጊዜ ቢሆነንም የዝምታችንን ነገር ስንገናኝ ቡና ላይ እናነሳዋለን። አሁን ብዕር ያስነሳኝ ብስክሌትህ እየጮኸች ማስቸገሯንና በመኪና ጭነህ እዚህ ለሠሪ ልታመጣት ማሰብህን የአጎትህ ልጅ ስለነገረኝ ነው። ከመጫንህ በፊት ራስህ አዳምጣት፤ «ትጮኻለች» ብለህ ብቻ ካስረከብከው ሠሪው ያገኘውን ሁሉ ሲፈታ ይውላል፣ ሒሳቡም እንደዚያው ይከተላል።

መጀመሪያ የምትለየው ድምፁ የሚመጣው ስትረግጥ ብቻ መሆን አለመሆኑን ነው። ለጥ ያለ መንገድ ፈልገህ (ደብረ ሲና ላይ ይህን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው) ጥቂት ከነዳህ በኋላ እግርህን አሳርፍ። ድምፁ አብሮ ዝም ካለ ካቴናውን፣ ፔዳሉንና የመሃሉን ኩሽኔታ ጠርጥር፤ ከቀጠለ ደግሞ ጎማውን፣ ሽቦዎቹንና ፍሬኑን ተመልከት። ስታሳርፍ ከኋላ የሚሰማው ቀጭ ቀጭታ ግን የጤና ነውና አትድከምበት። ከመቀመጫው ብድግ ስትል የሚጠፋው ሲጥሲጥታም የመቀመጫው ነው፤ ቡሎኑን አጥብቅ።

በእኔ ግምት ግን ያንተ ነገር ካቴናው ነው፤ የበጋው አቧራ ከደረቀ ካቴና ጋር ሲገናኝ ሌላ ድምፅ አያወጣም። በጨርቅ ወልውለህ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞርክ በየመጋጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ዘይት አድርግበት፤ ጥቂት ቆይተህም ከውጭ የቀረውን ጥረገው፤ ያለዚያ አቧራውን ራስህ ጠርተህ ታስገባዋለህ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት በነጻ ቢሰጡህም አትቀበል። ስታዞር ሳይታጠፍ ዘሎ የሚያልፍ መጋጠሚያ ካየህ በእጅህ ወደ ጎን ወዲያና ወዲህ እያልክ አለዝበው። ከዚያ በሜትር ለካው፦ ከአንድ ፒን (የመጋጠሚያው ዘንግ) መሃል ተነስተህ በፒኖች መካከል ያለውን 24 ክፍተት እስከ መጨረሻው ፒን መሃል ብትቆጥር አዲስ ካቴና 30.48 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 30.8 ከደረሰ ተበልቷልና ዘይት አያድነውም፤ የማርሾቹን ጥርሶችም ይዞ ይሄዳል።

በየዙሩ አንዴ ቀጭ የሚል ከሆነ ፔዳሎቹን ፈትተህ የሚታሰሩበትን የቡሎን ጥርስ ግሪስ ቀብተህ መልሰህ እሰር። የግራው ጥርስ ተገላቢጦሽ ነውና የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ ይህን ሳያውቁ በጉልበት የሚታገሉት ብዙዎች ናቸው።

ሁለት ነገሮች ግን ቀልድ አያውቁም። ፍሬን ስትይዝ ብረት ለብረት የሚፋጭ ድምፅ ከሰማህ የፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ ቸርኪዮውን እየበላ ነው። የፊቱን ፍሬን ጨምቀህ ብስክሌቷን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትወዘውዛት ከመሪው አንገት ቋ የሚል ካለ ደግሞ አንገቷ ላልቷል። ከሁለቱ አንዱ ካለባት ወደ ሸዋሮቢት ቁልቁለት እንዳትወርድባት፤ ያን ጊዜ ጭነህ አምጣት፣ እኔም ሠሪውን አነጋግሬ እጠብቅሃለሁ።

ለእናትህ ጉልበት ስመህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አዲስ ካቴና ካስፈለገህ ከዚህ ገዝቼ እልክልሃለሁ፤ የካቴናው ውፍረት እንደ ኋላው ማርሾች ብዛት ስለሚለያይ ጥርሶቹን ሳይሆን የኋላ ማርሾቹን ቆጥረህ ጻፍልኝ።

ወዳጅህ