ጉዳዩ፦ ተከፍሎበት ያልተሰጠኝን የቀኝ መስኮት ወንበር ይመለከታል

ለጉዞ ወኪል ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

በጥቅምት ወር ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ የተጓዝኩበትን ቲኬት የቆረጥኩት በድርጅታችሁ ነው፤ ዝርዝሩ በመዝገባችሁ ስላለ አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተገደድኩት «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይምጡ» እየተባልኩ ስመላለስ ከርሜ፣ በመጨረሻም ሐሙስ ዕለት በቢሯችሁ በተደረገልኝ መስተንግዶ ምክንያት ነው።

ቲኬቱን በቆረጥኩ ዕለት የምፈልገውን ለሠራተኛችሁ በግልጽ አስረድቻለሁ። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሚበር ተሳፋሪ ምዕራቡ በቀኙ ይውላል፤ በዚያ በኩል ወንጭትና ጀማ የተባሉት ወንዞች እየሸረሸሩ ያወጧቸው፣ ውኃቸውን ለዓባይ የሚያቀብሉት ጥልቅ ሸለቆዎች አሉ። በጠዋት በረራ ፀሐይዋ ከግራ ስለምትመጣ በቀኝ የተቀመጠ ሰው ብርሃን ያረፈበትን ገደል አጥርቶ ሲያይ፣ በግራ ያለውን ግን ዓይኑን ትወጋዋለች። የተሳፈርኩበት ኪው 400 አውሮፕላን ክንፉ ከመስኮቱ በላይ በመሆኑ ቁልቁል ለማየት የተመቸ ነው፤ ሆኖም ከክንፉ ሥር የተንጠለጠለው ሞተር፣ ጎማው ታጥፎ የሚገባበት ክፍል ጭምር፣ የመሃል ረድፎችን እይታ ይጋርዳል። ስለዚህ የጠየቅኩት ቀኝ፣ ወደ ኋላ፣ መስኮት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር በካርታ ላይ በዱላ የጠቆምኩትን ሸለቆ ከላይ ለማየት መፈለጌን የጡረተኛ ቅንጦት ነው ብትሉኝ አልቀየምም፤ ቅንጦቱን ግን ከፍዬበታለሁ።

ሠራተኛዋ «ሐሳብ አይግባዎት ጋሼ፣ ይሄማ የእኔ ሥራ ነው፤ ቀኙን ይዤልዎታለሁ» ብላ፣ ለወንበር ምርጫ በሚል ከቲኬቱ ዋጋ ሌላ ተጨማሪ ገንዘብ ተቀበለችኝ። ደረሰኝ ስጠይቃት «ከቲኬቱ ጋር ይወጣል» አለችኝ፤ አልወጣም። እንዳይዘነጋ በማለት ጥያቄዬን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጥቻት፣ ከመታወቂያዬ ኮፒ ጋር በስቴፕለር ስታያይዘው አይቻለሁ።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ የተሰጠኝ ወንበር ግራ፣ መሃል ረድፍ፣ ሞተሩ አጠገብ ነበር። በስሜ ምንም ዓይነት የወንበር ጥያቄ እንዳልተመዘገበ ተነገረኝ፤ የቀኝ መስኮቶችም ተይዘው አልቀዋል። እስከ አዲስ አበባ ድረስ የሞተሩን ሽፋን ስመለከት ተጓዝኩ፤ እርሱንም ቢሆን ፀሐይዋ ስትፈቅድልኝ ነው።

ሐሙስ ዕለት ይህንኑ ሳስረዳት «መስኮት ጠየቁ፣ መስኮት አገኙ፤ ከዚህ በላይ ፓይለቱ ጋ ላስቀምጥዎት?» ብላ ከባልደረባዋ ጋር ተሳሳቀች። ያቺ ቁራጭ ወረቀቴም ከኮፒው ተገንጥላ፣ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦባት ጠረጴዛው ላይ አየኋት፤ «ቀኝ» የሚለው በሻይ ርሶ ደብዝዟል። የመታወቂያዬ ኮፒ የት እንደደረሰ እስካሁን የነገረኝ የለም። ከዚህ ቀደም የአባቴን ስም ራሳችሁ አሳስታችሁ ለማረሚያው ያስከፈላችሁኝን፣ የበረራ ሰዓት መለወጡን ሳትነግሩኝ ቀርታችሁ አውሮፕላን ማረፊያ ተገትሬ ያረፈድኩትን ያላነሣሁት በይሉኝታ ነበር።

ስለሆነም ለወንበር ምርጫ የተቀበላችሁት ገንዘብ እንዲመለስልኝና ያለ ደረሰኝ የተቀበላችሁበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ከሐሙስ በፊት ይኸው ይበቃኝ ነበር፤ አሁን ግን ሠራተኛዋ በዚያው ባልደረባዋ ፊት ይቅርታ እንድትጠይቀኝ፣ የስም ማረሚያው ክፍያም አብሮ እንዲመለስልኝ፣ የመታወቂያዬም ኮፒ በእጄ እንዲሰጠኝ እፈልጋለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በነጋዴውም ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ ካልደረሰኝ የዚህን ደብዳቤ ቅጂና የመሳፈሪያ ካርዴን ይዤ ጉዳዩን ለሚመለከተው የንግድ መሥሪያ ቤት አቀርባለሁ። ምላሹ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ «እናየዋለን» መባልን እንደ ምላሽ አልቆጥረውም።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከደሴ