ጓሳና ባና

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ዋሽንግተን ከገባህ ወዲህ በበዓል በበዓሉ ሰላም ከመባባል ያለፈ ወግ የለንም። ዛሬ ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። እናትህን እዚሁ መንዝ፣ መሀል ሜዳ ገበያ አግኝቻቸው፣ ለቤቱ የቆርቆሮ ብር ልትልክላቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ደስ ብሏቸዋል።

ቆርቆሮው ይሁን፣ አልቃወምም። የሣር ክዳን ጥገና ይፈልጋል፤ ጣራ ላይ የሚወጣው ጎልማሳ ደግሞ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ አረብ አገር ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጓሳ፣ ሣሩም ሣሩ የሚበቅልበት ደጋችንም፣ እስከ ዛሬ የቆየልን ስለሚያስፈልገን ነው። ቤቱ የሚከደነው በሱ፣ ገመዱ የሚገመደው በሱ፣ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ የሚተርፈው በሱ። አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ዘግተው ያቆዩትና፣ ደረሰ ሲባል በተቆረጠው ቀን ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር። ቀድሞ ገብቶ ያጨደ ወዮለት! የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰው። በኋላ ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ ባይጠብቀው ኖሮ ዛሬ ሣሩም ባልኖረ። አሁን ሁሉም ቤት ቆርቆሮ ሲለብስ፣ በውርጭ አድሮ ሣር የሚጠብቀው ሰው ስለ ምን ብሎ ይጠብቅ?

በቅርቡ ወጥቼ አይቼዋለሁ። ጭላዳዎቹ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፣ መሐላቸው ቀይ ቀበሮ ቀስ እያለ ይሄዳል። አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፤ የሚፈልገው አይጥ ነው። እዚሁ ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቀበሮው ለብቻው ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ ከጭላዳ መንጋ መሐል ሲሆን ግን ከሦስት ሁለቱ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ያንን ደጋ እነሱም እኛም እኩል እንፈልገዋለን።

የባናው፣ የዚያ የበግ ሱፍ ብርድ ልብሳችን ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል። የመንዝ ሴት መንገድ ስትሄድ እንኳ እንዝርቷ ከእጇ አይወርድም። ሱፉ ተሸልቶ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ተፈትሎ፣ ከዚያ ለሸማኔ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ለፍታ ገበያ ስታወጣው ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር ያስተያዩባታል፤ ዋጋው ድካሟን አይሸፍንም። በልግ ሲቀር ገብሱም የለም፣ ያኔ በጓ ትሸጣለች። በጓ ከሄደ ሱፉም ሄደ።

እና ምን አሰብኩ መሰለህ? ብሩን ላክ፣ የእናትህ ጣራ ክረምት ሳይገባ ይመታ። ግን እዚያ ያላችሁት የመንዝ ልጆች ብዙ ናችሁ። ባና እዘዙ፣ ለፈታይዋም ለሸማኔውም የሚገባቸውን ክፈሉ፣ እኔ አሰባስቤ እልካለሁ። አገር ቤት ስትመጣም ልጆችህን ይዘህ ጓሳ እደሩ፣ የማኅበረሰቡ ሎጅ አለ። ሣሩን የሚጠብቀው ሰው ከእንግዳው ያገኘ እንደሆነ ጥበቃውን አይተወውም።

ስንት ባና እንደምትፈልጉ ቶሎ ጻፍልኝ፤ ሸላቹ ሳይጀምር ልንገራቸው። ጥቁሩ ይሻላችኋል ወይስ ነጩ?

ወንድምህ