ውሻውስ?

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እትማችሁ «ማስቲፍ» ስለተባሉት ብረት ለበስ ተሽከርካሪና ሰው አልባ አውሮፕላን የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ነበር። ማስቲፍ ስለተባለው የውሻ ዝርያ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። ቅር አለኝ።

የእንግሊዝ ጦር ባለ ስድስት ጎማውን ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ማስቲፍ ያለው በከንቱ አይደለም። ውሻውም ተሽከርካሪውም ግዙፍ፣ ሁለቱም ጠባቂ ናቸው። ዞርባ የተባለው የእንግሊዝ ማስቲፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲመዘን 155 ኪሎ ገደማ ነበር! የተሽከርካሪው ባለ አራት ጎማ ታናሽ ደግሞ «ሪጅባክ» ነው፤ እሱም የውሻ ዝርያ ስም።

ያልገባኝ የእስራኤሎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሠሯትን ትንሽ ሰው አልባ የስለላ አውሮፕላን ማስቲፍ አሏት። ማስቲፍ እኮ ከንፈሩ የተንዘረፈፈ፣ ለሃጩ ደረቱ ላይ የሚንጠባጠብ፣ ደረጃ መውጣት እንኳ የሚሰለቸው ፍጡር ነው። እሱን ሰማይ ላይ ማሰብ አቃተኝ።

አንድ አንባቢያችሁ