ምትሃት ላይ የተወረወረ ድግምት መባከኑ ተገቢ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከብበው በቃልና በዳይስ የሚጫወቱት የጀብዱ ጨዋታ ነው። ድግምት ወደ ምትሃታዊ ምስል ሲወረወር ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ተጫዋቾችን ያከራክራል። አንዳንድ የጨዋታ መሪዎች የሚሰጡት ብይን ጨዋታውን እንደሚጎዳ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የጠላት ጠንቋይ የአንድ ወታደር ምስል ያቆማል እንበል። ተጫዋቹ ምስሉ እውነተኛ ሰው መስሎት፣ ሰውን ባለበት የሚያስቀረውን ሆልድ ፐርሰን የተባለ ድግምት ይወረውርበታል። ድግምቱ የሚሠራው በሰው ላይ ብቻ በመሆኑ መሪው «እሱን ዒላማ ማድረግ አትችልም» ብሎ ይከለክለዋል። በዚህ ጊዜ ተጫዋቹ ምንም ሳይመረምርና ምንም ሳይከፍል ምትሃቱን ያውቃል፤ ጠላት ግን ምስሉን ለማቆም የራሱን ኃይል አውጥቷል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ዛናታርስ ጋይድ ቱ ኤቭሪቲንግ» የተሰኘው ተጨማሪ የሕግ መጽሐፍ ይህን በግልጽ ፈትቶታል። ድግምቱ ሊነካው በማይችለው ነገር ላይ ከተወረወረ ምንም ውጤት አያመጣም፣ የወጣበት ኃይል ግን አይመለስም፤ ድግምቱን የተቋቋመ ሰው ጨርሶ የማይጎዳ ከሆነም፣ ዒላማው የተቋቋመ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ተጫዋቹ ወታደሩ ጠንካራ ይሁን ባዶ ምስል መለየት አይችልም፤ የምትሃት ዋጋም ያለው በዚሁ ጥርጣሬ ውስጥ ነው።

ይህ ማለት ግን ምትሃት ሁሉን ይመልሳል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው ሕግ ሚረር ኢሜጅ የተባለው ድግምት የጠንቋዩን 3 አምሳያዎች ያቆማል፤ አጥቂው ጠንቋዩን ሲያነጣጥር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣልና፣ ሦስቱም አምሳያዎች ሳሉ 6 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ጥቃቱ ወደ አምሳያ ይዞራል። ፋየርቦል የተባለው የእሳት ድግምት ግን የሚፈነዳው በተመረጠ ቦታ እንጂ በተመረጠ ሰው ላይ ስላልሆነ፣ ጠንቋዩን ሲያቃጥል አምሳያዎቹን አይነካቸውም። ይህን ኢፍትሐዊ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ ምትሃት የሚያታልለው ዒላማ የሚመርጠውን ዓይን እንጂ እሳቱን አይደለምና።

በሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ጠንቋይ ሆልድ ፐርሰንን ኃይሉን ከሚመልስለት ረጅም ዕረፍት በፊት መወርወር የሚችለው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱን በከንቱ ማጣቱ እንደሚያናድድ ይገባኛል። ሆኖም የሚጠራጠር ተጫዋች ምስሉን መመርመር ወይም ሄዶ መንካት ይችላል። የጨዋታ መሪዎችም ከመከልከል ይልቅ «ድግምትህ አልያዘውም፤ ወታደሩ መራመዱን ቀጥሏል» ብለው የሚታየውን ብቻ እንዲናገሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ