«ኪክስ» ጫማ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በባህል ዓምዳችሁ የወጣው የአሜሪካው ባንድ የፎስተር ዘ ፒፕል «ፓምፕድ አፕ ኪክስ» ዘፈን ትርጉም ከርዕሱ ጀምሮ ተሳስቷል። «ኪክስ» በአሜሪካ ወጣቶች አነጋገር ጫማ ነው፤ ተርጓሚው ግን «ርግጫ» ብሎታል። «ፓምፕድ አፕ» ሲባል ደግሞ የጫማ ኩባንያው ሪቦክ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣውን፣ ምላሱን ሲጫኑት አየር የሚሞላውን ውድ ስኒከር ያስታውሳል። እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ጫማ ሲያማርጥ የዋለ የድሬ ልጅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፦ በዘፈኑ ውስጥ ሽጉጥ የያዘው ልጅ የሚዝትባቸው ያን ጫማ መግዛት የቻሉት ልጆች ናቸው። ጫማው ርግጫ ሲሆን የዛቻው ምክንያት አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ የሚብሰው የተናጋሪው ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሮበርት ስለሚባል ልጅ ሌላ ሰው ይተርካል፤ ልጁ በአባቱ ቁምሳጥን ውስጥ ሽጉጥ አግኝቷል። ከአዝማቹ በኋላ ግን የሚናገረው ልጁ ራሱ ነው፦ አባት አምሽቶ ይገባል፣ እራቱም በረዶ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛው ለአንድም ለብዙም «ዩ» ብሎ ያልፋል፤ አማርኛ እንዲህ ማለፍ አይችልም። ተርጓሚው አዝማቹን «ሽሽ» አለው። የተጠሩት «ሌሎቹ ልጆች ሁሉ» ናቸውና «ሽሹ» መሆን አለበት። እሱ አንድ፣ እነሱ ብዙ፤ የዘፈኑ ሕመም ያለው እዚህ ላይ ነው።

የትርጉሙ መግቢያ ዘፈኑን «ሰምና ወርቅ» ማለቱም አያስኬድም። ሰምና ወርቅ አንዱ ኅብረ ቃል ሁለት ፍቺ ሲሸከም ነው። እዚህ ቃሉ ገሃድ ነው፤ የሚሸፍነው ዜማው ነው። በደቂቃ 128 ገደማ ምት፣ የማይለቅ ቤዝ፣ ፉጨት፤ በስንኞቹ ላይ ድምፁ ሆን ተብሎ ስለደበዘዘ ቃሉ አይያዝም፣ አዝማቹ ላይ ግን ይጠራል። የባንዱ ድምፃዊ ማርክ ፎስተር ይህን የቀዳው የማስታወቂያ ሙዚቃ እየሠራ በሚተዳደርበት ጊዜ፣ መሣሪያዎቹን ሁሉ ራሱ ተጫውቶ ነው። ጆሮ ላይ የሚቀር ዜማ መሥራት የዕለት እንጀራው ነበር። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ2011 ቢልቦርድ ሆት 100 በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 3ኛ ደረጃ ደርሷል።

ዘፈኑ ግድያ አያወድስም፤ አንድም ሰው አይመታበትም። ፎስተር የተገለለና አእምሮው የታወከ ወጣት ልብ ውስጥ ለመግባት እንደጻፈው ተናግሯል። የባንዱ የያኔ ቤዝ ተጫዋችም እ.ኤ.አ. በ1999 ከደረሰው የኮለምባይን ትምህርት ቤት የተኩስ ጥቃት የተረፈ ዘመድ አለው። በዲሴምበር 2012 ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኑን ከማጫወት ተቆጥበዋል።

እዚህ ከዚራ ሰፈር ካፌ ውስጥ ለአዋቂ ቢከፈት አልቃወምም። ለልጆች ልደትና ለትምህርት ቤት መዝጊያ በዓል ግን ዲጄዎች ፉጨቱን ብቻ ሰምተው እንዳይመርጡት እለምናለሁ። እርማቱን ስታወጡ አዝማቹን «እናንተ ውድ ጫማ ያደረጋችሁ ልጆች» ብላችሁ ጀምሩት።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ