ነፋሱን ማንም አልጠራውም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እሑድ በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ቻይናው የታሪክ ጦርነት ፊልም ስለ «ሬድ ክሊፍ» ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። የዳይሬክተሩን የጆን ዉን ይህን ፊልም በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ማየት ብርቅ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ።

ጸሐፊያችሁ የጦር ስልት አዋቂው ዡጌ ሊያንግ በጸሎትና በድግምት ነፋስ ጠርቶ የጠላትን መርከቦች አቃጠለ ይላሉ። ወረድ ብለው ደግሞ ይህንኑ ነገር ተረት ነው ብለው ፊልሙን ይነቅፉበታል። እንግዲህ ፊልሙ ያልሠራውን ጥፋት ራሳቸው ፈጥረው ራሳቸው ፈረዱበት።

ይህ ፊልሙ ውስጥ የለም። መሠዊያ የለም፣ ድግምት የለም። ጸሎቱ ያለው በ14ኛው መቶ ዘመን በተጻፈው የሉዎ ጓንዦንግ ልብ ወለድ ነው። እዚያ ላይ ዡጌ ሊያንግ ጸጉሩን ለቆ፣ ባዶ እግሩን ሆኖ መሠዊያ ላይ ይወጣል፣ ነፋሱም ይመጣል። ጆን ዉ ያንን አውጥቶ ጣለው። በምትኩ ሰማይ አይቶ የሚያውቅ ሰው አስቀመጠ። የፊልሙ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው፤ ጸሐፊያችሁ ደግሞ ያንኑ ገለበጡት።

ልብ ወለዱን ትተን ወደ ታሪኩ እንሂድ። ጦርነቱ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ208 ዓ.ም. ክረምት፣ ያንግትዜ ወንዝ ላይ ነው። የእኛ ክረምት አይደለም፤ የእነሱ ብርድ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ከሰሜን የጦር መሪው ጻኦ ጻኦ መጣ። 800 ሺህ ወታደር አለኝ ብሎ ጻፈ። የደቡቡ ጦር አዛዥ ዦው ዩ ቁጥሩን አላመነም። ከሰሜን የመጣው 150 ወይም 160 ሺህ ነው፣ እሱም ደክሟል፤ ሌላው 70 ወይም 80 ሺህ በቅርቡ እጁን የሰጠ፣ ልቡ ያልጸና ሠራዊት ነው ብሎ አሰላ። የጻኦ ጻኦ ሰዎች በበሽታም እየወደቁ ነበር። በ3ኛው መቶ ዘመን ታሪኩን የጻፈው ቼን ሾው፣ ሁዋንግ ጋይ የተባለው የደቡቡ መኮንን እጄን ልስጥ ብሎ አታልሎ በሸምበቆና በእንጨት የተሞሉ፣ ዘይት የፈሰሰባቸው ጀልባዎች እንደላከ ይናገራል። ነፋሱ ያን ጊዜ ብርቱ ነበር ይላል። በቃ። ከየትኛው አቅጣጫ እንደነፈሰ የምናነበው በኋላ በተጨመረው ማብራሪያ ነው፤ ከደቡብ ምሥራቅ። ማን እንደጠራው የሚል ነገር በሁለቱም ውስጥ የለም። ማንም አልጠራውማ።

ቻይና፣ ዉሃን ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ። ከተማው ያንግትዜ ዳር ነው። የጦር ሜዳው ትክክለኛ ቦታ እስከ ዛሬ ቢያከራክርም ብዙዎች ከዉሃን በማይርቅ ሥፍራ ያስቀምጡታል። የዚያን አገር ብርድ አጥንቴ ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱ የሚመጣው ከሰሜን ነው። አልፎ አልፎ ግን በድንገት አየሩ ይሞቃል፣ ነፋሱ ከደቡብ ይዞራል፣ ካፖርት አውልቀን እንወጣለን። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ብርዱ ብሶበት ይመለሳል። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ከሰሜን የመጣ ጦር ላያውቀው ይችላል። የጦርነቱ ምስጢር እንግዲህ ይኸው ነው። ነፋሱ ከሰሜን እየነፈሰ ደቡቦቹ እሳት ቢለቁ እሳቱ ተመልሶ የሚበላው እነሱን ነው።

ይህን ግን ዉሃን አይደለም የተማርኩት። ምንጃር፣ አባቴ አውድማ ላይ ነው። ጤፉ ተበራይቶ ካለቀ በኋላ አባቴ ላይዳውን ይዞ ይቆማል። አይቸኩልም። አንድ እፍኝ ገለባ ወደ ላይ ይለቅና ወዴት እንደሄደ ያያል። ቦታ ይቀይራል። እንደገና ይጠብቃል። ልጅ ሆኜ መጥረጊያ ይዤ አጠገቡ እቆም ነበር፤ «አሁን ነው?» እለዋለሁ፣ «ቆይ» ይለኛል። አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይጠብቃል። ነፋሱ ሲመጣ ግን ከሁላችንም በፊት ያውቀዋል፤ ላይዳው ከነፋሱ ቀድሞ ይነሣል ብል አላጋነንኩም። ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ የሚያነፍስ ገበሬ የለም። ገለባው ዓይኑ ውስጥ ይገባላ።

የጸሐፊያችሁ ቃል ያመመኝ ለዚህ ነው። የሚያውቅን ሰው «ደጋሚ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ከተማ ገብቼ ስማር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በመስኮት እያየሁ ዛሬ ዝናብ ይመጣል አልኩ። መምህሩ ሰምቶ ክፍሉን አሳቀብኝ። «አንቺ ባላገር፣ ጠንቋይ ነሽ?» አለኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረደ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም። ዓመቱን ሙሉ ስሜ «ጠንቋይዋ» ሆኖ ቀረ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን ያናድደኛል።

ዡጌ ሊያንግም የራሱን ነገር ጽፎ ትቷል። እ.ኤ.አ. በ227 ለንጉሡ ባቀረበው ደብዳቤ፣ እኔ ተራ ሰው ነበርኩ፣ ናንያንግ ውስጥ በገዛ እጄ አርስ ነበር ይላል። አራሽ ነበር! በጦርነቱ ጊዜ ገና የ27 ዓመት ወጣት ነው። አራሽ የነበረ ሰው ነፋስ ማወቁ ምኑ ያስገርማል? ልብ ወለዱ መሠዊያ ላይ አወጣው። ፊልሙ ወደ መሬት አወረደው። ጋዜጣችሁ መልሶ ሰቀለው።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊያችሁ መመስከር አለብኝ። ስህተቱ የእሳቸው ብቻ ላይሆን ይችላል። በጽሑፉ ፊልሙ 148 ደቂቃ ነው ተብሏል። ይህ ለምዕራባውያን ተመልካች ተቆርጦ የተዘጋጀው ነው። ዋናው ፊልም ሁለት ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2008፣ ሁለተኛው በ2009 ወጣ። ተደምሮ ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል። ከተቆረጠው ውስጥ የአካባቢው መልክዓ ምድርና የአየሩ ተለዋዋጭነት ገና ከጅምሩ የሚነገርበት ክፍል ይገኝበታል። እሱ ከወጣ ነፋሱ መጨረሻ ላይ ከየት መጣ ያስብላል። 100 ሺህ ቀስት የሚሰበሰብበት ታሪክም እንደዚሁ ተቆራርጧል፤ ለምን የዡጌ ሊያንግ ሕይወት እንደተያዘበት አይገባም። እኔ ረጅሙን ያየሁት ዉሃን ውስጥ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር፣ በሁለት ሌሊት ነው። ጸሐፊያችሁ አጭሩን አይተው ስለ ሙሉው ከፈረዱ፣ ቢያንስ አጭሩን ነው ያየሁት ይበሉ። ግማሽ እንጀራ በልቶ ምጣዱን መሳደብ አይሆንም።

ሌሎች ነገሮችም አሉ። ፊልሙን «የካራቴ ፊልም» ማለታችሁን በልማድ አልፈዋለሁ፤ ካራቴ ግን የጃፓን ነው። እሳቱ ሁሉ የኮምፒዩተር ሥራ ነው መባሉን ግን አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2008 የጀልባ እሳት ትዕይንት ሲቀረጽ በተነሣ አደጋ አደገኛ ትዕይንቶችን የሚሠራ አንድ ወጣት (ስታንት) ሞቷል፣ ሌሎችም ቆስለዋል። ሰው የሞተበትን እሳት የኮምፒዩተር ነው ማለት ነውር ነው።

ሴቶቹንም ለማሳመሪያ የገቡ ናቸው ብላችኋል። የደቡቡ ገዥ እህት ሱን ሻንግሺያንግ እኮ የጠላት ካምፕ ገብታ የሰፈሩን ካርታ ጨርቅ ላይ ስላ፣ ሰውነቷ ላይ ጠቅልላ ይዛ የምትመለስ ናት። የዦው ዩ ሚስት ሺያዎ ጪያዎ ደግሞ ብቻዋን ጻኦ ጻኦ ዘንድ ሄዳ ሻይ እያፈላች ታዘገየዋለች። ለምን? ነፋሱ እስኪዞር ነዋ! ነፋሱን የረሳ ጸሐፊ ሴቲቱ ምን እንደምትሠራ ሊገባው አይችልም። አባቴ አውድማ ላይ «ቆይ» እንደሚለኝ፣ እሷም ጦሩን ቆይ እያለች ነው። ያን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

ሰኞ ጠዋት ለዝግጅት ክፍላችሁ ደውዬ ነበር። ያነሡት ሰው በትሕትና ሰሙኝ። ከዚያ «እህቴ፣ ፊልም እኮ ነው፣ ምን ያስቆጣል» አሉኝ። ስለ ኳስ ብትሳሳቱ፣ ጎል ያገባውን ሰው ስም ብትቀይሩ፣ በማግስቱ ማስተካከያ ታወጣላችሁ። አይቻለሁ። ለዚህስ ለምን አይወጣም?

ማታ ለአባቴ ደውዬ ጽሑፉን አነበብኩለት። ፊልሙን አላየውም፣ ያንግትዜ የት እንደሆነም አያውቅም። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ቆይ፣ ጀልባዎቹ የቆሙት ከነፋሱ በየት በኩል ነው?» ነገርኩት። «እህ፣ ታዲያ መጠበቅ ነበረባቸዋ» አለ።

የምጠይቃችሁ ማስተካከያው በዚያው በመዝናኛ ገጽ፣ በዚያው በእሑዱ እትም እንዲወጣ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ አገር ቤት እሄዳለሁ። ጤፉ በዚያን ጊዜ አውድማ ላይ ነው። ጋዜጣውን ይዤለት መሄድ እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የምንጃር ገበሬ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ