ሦስተኛው ቀን መቼ ይነጋል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የመጻሕፍት አምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። ታሪኩም፣ ግለ ታሪኩም፣ የፍቅር ልቦለዱም ተራው ይደርሰዋል። ፋንታሲ፣ ማለት የአስማትና የምናብ ዓለም ልቦለድ፣ ሲነሳ ግን አይቼ አላውቅም፤ በሥዕል የሚተረከው ኮሚክማ ጭራሽ። «የልጆች ነገር» ተብሎ ይሆናል። እኔ ሰሞኑን እነሱን ብቻ ሳነብ ነው የከረምኩት፤ የተሰማኝን ሳልሸፋፍን ልጻፍላችሁ፣ ከረዘመባችሁ ቁረጡት።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ የደራሲዋ የኡርሱላ ለጊን «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ ቀጭን መጽሐፍ። ጌድ የሚባል ልጅ አለ፤ ችሎታው ከዕድሜው የቀደመ፣ ትዕቢቱ ደግሞ ከችሎታው የባሰ። በአስማት ትምህርት ቤቱ ከሚንቀው ተማሪ ጋር እልህ ይጋባና ከሞተች ብዙ ዘመን የሆናትን ሴት መንፈስ እጠራለሁ ይላል፤ ይጠራታልም፤ በተከፈተው ቀዳዳ ግን አንድ ጥላ ሾልኮ ይገባና ፊቱን ቧጭሮት ያመልጣል። ቀዳዳውን የደፈኑት ሽማግሌ ጠቢብ ሕይወታቸውን ይከፍላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ልጁ መጀመሪያ ከጥላው ሲሸሽ፣ ኋላ ደግሞ ዞሮ ጥላውን ሲያሳድድ ነው። በቃ። ጦርነት የለ፣ የዙፋን ሽኩቻ የለ።

እዚያ ዓለም ውስጥ አስማት ማለት ስም ማወቅ ነው። የአንድን ነገር እውነተኛ ስም ያወቀ ያዝዘዋል፤ ስለዚህ ሰው እውነተኛ ስሙን ከልብ ለሚያምነው ካልሆነ አይናገርም። እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። «አስማት» ራሱ እኮ በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው! ሌላው አንባቢ አዲስ ሐሳብ ብሎ የሚደነቅበትን እኛ ሳናስተውለው በአፋችን ስንለው ኖረናል።

ዋጋ የማያስከፍል አስማት አይጥመኝም። እጁን ባወዛወዘ ቁጥር ሁሉ የሚሆንለት ጀግና ምኑ ያሳስበኛል? ለዚህ ነው የጃፓኗ ሂሮሙ አራካዋ «ፉልሜታል አልኬሚስት» የተባለው ኮሚክ የገባኝ። ሁለት ወንድማማቾች የሞተች እናታቸውን ሊያስነሱ ይሞክራሉ። ታላቁ እግሩን ያጣል፣ ታናሹ መላ አካሉን፤ የታናሹን ነፍስ ከብረት ጥሩር ጋር ለማሰር ደግሞ ታላቁ እጁን ይጨምራል። እናትየው አልተነሳችም። ይሄ ገና መነሻው ነው፤ 27 ቅጽ ሙሉ ያንን ዕዳ ሲከፍሉ ነው የምናየው፣ ደራሲዋም እስከ መጨረሻው አድርሳዋለች። የታላቁን ቁመት ማጠር የሚያነሳው ቀልድ ግን አሰለቸኝ። አንድ ሁለቴ ያስቃል፣ ከዚያ በኋላ ገጽ መግፋት ነው።

የጄፍ ስሚዝ «ቦን» ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2004 በጥቁርና ነጭ የወጣ፣ 55 እትም ያለው ኮሚክ። ያደኑትን ገና ሳይዙት እንዴት ተሠርቶ ይበላ እያሉ በሚጨቃጨቁት ሁለት ቂል ጭራቆች ብቻዬን ሳቅኩ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ግን ትንቢት መጣ፣ የተደበቀች ልዕልት መጣች፣ ሳቁም ቀነሰ። ውይ፣ እንደገና ልዕልት?

አሁን ወደ ንዴቴ። ደራሲው ፓትሪክ ሮትፈስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው «ዘ ኔም ኦፍ ዘ ዊንድ» ላይ ክቮት የሚባል ሰው የሕይወቱን ታሪክ በሦስት ቀን ተርኬ እጨርሳለሁ ይላል። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ቀን። ሁለተኛው ቀን እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ሦስተኛው እስካሁን አልነጋም። አጻጻፉ ያምራል፣ አልዋሽም፤ ክቮት ክራር መሳይ መሣሪያውን ሲጫወት ድምፁ የሚሰማ ነው የሚመስለው። ሰውየው በሁሉም ነገር አንደኛ መሆኑ ትንሽ ቢያንገፈግፍም ቻልኩት። ግን ሁለት ወፍራም መጽሐፍ አስጨርሶ ሰውን መንገድ ላይ ማቆም ምን ይሉታል? ደራሲ ማሽን አይደለም ይሉኛል፣ እሺ። ሦስት ቀን ብሎ የቀጠረን እኮ ራሱ ነው።

ንዴቴን ለመርሳት ወደ ለጊን ተመልሼ ሁለተኛውን ክፍል ጀምሬያለሁ። ጌድ ገና ብቅ አላለም። ያለችው አንዲት ትንሽ ልጅ ናት፤ የመቃብር ቄስ ሊያደርጓት ከቤተሰቧ ወስደው ስሟን ቀምተዋታል፣ አሁን «የተበላችው» ነው የሚሏት። ዛሬ ማታ ከቀጠልኩ የምተኛ አይመስለኝም።

አንባቢያችሁ